የላንጋኖ ነፋስና የእህቴ ልጅ ሰዓት

ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስንወጣ መኪናችን ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ የተጠፈረው ሰሌዳ ያላነጋገረን ሰው አልነበረም። ነዳጅ ማደያው ላይ ጠየቁን፤ የፈጣን መንገዱ የክፍያ ጣቢያ ላይ ጠየቁን፤ አዳማ መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን ዙሪያውን ዞሮ ካየ በኋላ «የአውሮፕላን ክንፍ ነው እንዴ?» አለን። ባለቤቴ አፉን ሳይከፍት ልጄ ከኋላ ወንበር ቀደመችው። «ዊንድሰርፊንግ ነው! በነፋስ ውሃ ላይ የሚኬድበት!» ፖሊሱ መጀመሪያ ሰሌዳውን፣ ቀጥሎ እኛን አየና ፈገግ አለ። «ባህሩስ?»

«ላንጋኖ» አልነው። ጭንቅላቱን ነቅንቆ አሳለፈን።

ሰሌዳው የእኛ አይደለም። ታላቅ እህቴ ሆላንድ ከሄደች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ልጇም እዚያው ተወልዶ እዚያው አደገ። አገሩ ሁሉ ውሃና ነፋስ ስለሆነ ልጁ ብስክሌት እንደ ለመደ ሸራም ለመደ። ዘንድሮ ጥምቀትን አብረውን ሊያከብሩ ሲመጡ እህቴ ሻንጣዋን በስጦታ ሞልታ፣ እሱ ደግሞ ሰሌዳና ሸራ ተሸክሞ መጣ። ከሁሉም ግን ልጆቼን የማረካቸው ክንዱ ላይ ያሰረው ጥቁር ሰዓት ነበር። ሲተኛ እንኳ አያወልቀውም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ስልኩን ነው የሚያየው። «ታዲያ ይሄ ምን ይሠራል?» አለው ትንሹ ልጄ። «ምን ያህል እንደሮጥኩ ይነግረኛል።» «በእግርህ?» «በነፋስ።»

አዳማ ስንደርስ ኮረብታዎቹ ላይ የተተከሉት ነጫጭ ማማዎች ክንፋቸውን ሲያሽከረክሩ ገና ከሩቅ ታዩን። ልጆቹ መቁጠር ጀመሩ፤ ሠላሳ ላይ ሲደርሱ ተጣሉ። በቻይና ኩባንያዎች የተገነባው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ሲጀምር 34 ተርባይኖች ነበሩት፤ የማመንጨት አቅሙም 51 ሜጋዋት ነው። በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው ምዕራፍ 102 ተርባይኖችንና 153 ሜጋዋትን ጨመረ። አገራችን መብራቷን በአብዛኛው የምታገኘው ከግድብ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ በብዛት የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦቹ በሚቀንሱበት ወቅት ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው አልሰማኝም፤ ዓይኑ ክንፎቹ ላይ ነበር። «አክስቴ፣ እነዚህን እዚህ የተከለ ሰው ነፋሱን ለካ ማለት ነው፤ የተለካ ነፋስ ደግሞ አያሳፍርም» አለኝ፤ አማርኛውን እያሰላሰለ።

እናታችን አሁንም አዳማ ነው የምትኖረው። እኔ ስወለድ ከተማዋ ናዝሬት ነበረች፤ እማዬ ዛሬም አንዳንዴ ናዝሬት ትላታለች። ምሳ በልተን ቡና ሲቀርብ የልጅ ልጇ ስልኩን አውጥቶ የነፋስ ትንበያ አሳያት። በነገው ቀን ጠዋቱ ጸጥ ያለ፣ ከቀትር በኋላ እየበረታ የሚሄድ፣ ሲመሽ የሚቀንስ ነፋስ ተስሏል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችና ሳቀች። «ለዚህ ስልክ ያስፈልጋል? ገለባ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ማን አጥቶት!»

እማዬ ያደገችው ገጠር ነው። አባቷ ጤፍና ስንዴ ወቅቶ ሲያበቃ ጠዋት አይንሸውም ነበር አለችን። አውድማው ዳር መንሹን ደግፎ ይቀመጥና ነፋስ ይጠብቃል። እፍኝ ጭድ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ቀጥ ብሎ ከወረደ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ራቅ ብሎ ካረፈ ይነሳል። ነፋሱ ከደከመ ጭዱ ከፍሬው አይለይም፤ ከበረታ ደግሞ ፍሬውም ይሄዳል። የልጅ ልጇ ይህን ሲሰማ ወንበሩን አስጠግቶ፣ «አያቴ፣ አባትሽ ስንት ኖት ሲሆን ነበር የሚነሱት?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ሳታቅማማ «ጭዱ ከመንሹ ሁለት ክንድ ርቆ ሲያርፍ» አለችው። እኔ ይህን መለኪያ ከእሱ ሰዓት አሳንሼ አላየውም።

አመሻሹ ላይ ስለ ሰዓቱ በደንብ ያስረዳኝ ዘንድ ጠየቅኩት። እኔ ሰዓቱን የማውቀው ከሯጮቻችን ነው፤ ማለዳ አስፋልት ዳር የሚሮጡት ወጣቶች ሁሉ ክንዳቸው ላይ ይታያል። «የሯጭ ሰዓት ለእኔ አይበቃኝም» አለ። ለምን? ነገሩ እንዲህ ነው።

ጂፒኤስ ማለት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩ 30 ገደማ ሳተላይቶች የሚልኩትን ምልክት ተቀብሎ «እዚህ ነህ» የሚል መሣሪያ ነው። «እዚህ» ሲል ግን ጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። አሥር ኪሎ ሜትር ለሮጠ ሰው ይህ ስህተት እዚህ ግባ አይባልም። ሸራ የያዘ ሰው ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲበር በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። መሣሪያው በየሴኮንዱ ያለበትን ቦታ እየመዘገበ ልዩነቱን ቢያሰላ፣ አንዷን ነጥብ ሦስት ሜትር ብቻ ቢያሳስታት፣ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የሚሆን የውሸት ፍጥነት ይጨምርለታል ወይም ይቀንስበታል። ሰሌዳ ላይ ሳይቆም ጀግና የሚያደርግ ሰዓት ማለት ነው።

ስለዚህ እነሱ የሚፈልጉት ፍጥነትን ከቦታ ልዩነት ሳይሆን በቀጥታ ከምልክቱ ላይ የሚያነብ መሣሪያ ነው። ዶፕለር ይሉታል። ቃሉ ከበደኝ፤ እሱ ሲያብራራልኝ ግን ልጅነቴን አስታወሰኝ። ባቡር ጣቢያው ሰፈር ያደገ የናዝሬት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ የድሮው ባቡር እየመጣ ሲያጮኽ ድምፁ ቀጭን ነው፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። ጥሩንባው አንድ ነው፤ የተለወጠው የባቡሩ አካሄድ ነው። ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ እየመጣ ይሁን እየሄደ፣ ፈጥኖ ይሁን ተጎትቶ እናውቅ ነበር። ሰዓቱም የሳተላይቶቹ ምልክት ምን ያህል እንደ «ቀጠነ» ወይም እንደ «ወፈረ» ሰምቶ የባለቤቱን ፍጥነት ያውቃል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ፍጥነት ከነጥብ ነጥብ ከሚሰላው እጅግ የታመነ ነው። በዚያ ላይ በሴኮንድ አንዴ ሳይሆን አምስቴ ወይም አሥሬ ቢመዘግብላቸው ደስታቸው ነው።

ሌላው ያልጠበቅኩት ነገር፣ ከፍተኛውን ፍጥነት እነሱ ራሳቸው አያከብሩትም። ለአንድ ቅጽበት የታየ ቁጥር በስህተትም ሊመጣ ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር የሚፎካከሩት በተከታታይ 10 ሴኮንድ አማካይ ነው፤ ከዚያም የቀኑን አምስት ምርጥ 10 ሴኮንዶች አማካይ ይወስዳሉ። 500 ሜትር አለ፤ አንድ የባህር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር አለ፤ የአንድ ሰዓት ርቀት አለ። አልፋ የሚሉት ደግሞ አለ፦ ሄደህ፣ ሳትወድቅ ዞረህ፣ ከተነሳህበት በ50 ሜትር ውስጥ ትመለሳለህ፤ ሁሉም በ500 ሜትር ውስጥ። ይህን የሚያሰላላቸው፣ በሩጫው መካከል ደግሞ ንዝረት ወይም ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ነው ምኞታቸው። በሁለት እጁ ሸራ የያዘ ሰው ክንዱን አዙሮ የሚያነብበት ጊዜ የለውማ።

«እሺ፣ ለእኔስ ምን ይነግረኛል?» አለች እህቴ ከወዲያ ሆና። ማንም አልመለሰላትም። ጥያቄዋን በደንብ የሰማነው በማግስቱ ነው።

እሁድ ጠዋት ወደ ሞጆ ተመልሰን ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከሞጆ እስከ ባቱ ፈጣን መንገድ አለ፤ እኛ ግን ለልጆቹ ብለን አሮጌውን መረጥን። ከቸኮላችሁ አትምረጡት። ቆቃ ላይ የአዋሽን ውሃ አሻግረው ለሚያዩ ልጆች ግን ዋጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ዓለም ጤናን አልፈን መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛን። ባቱ ላይ፣ ብዙዎቻችን ዝዋይ በምንላት ከተማ፣ አሣ በላን። ባለቤቴ ጉቱን እስከ አጥንቱ ግጦ ከጨረሰ በኋላ ስለ ዝዋይ ደሴቶችና ስለ ደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ለልጆቹ ሊተርክላቸው ሲጀምር አንቀላፉበት። የእህቴ ልጅ በመስኮት የዛፎቹን ቅርንጫፍ ብቻ ያያል። ግራር ሲንቀሳቀስ ፈገግ ይላል፤ ሲቆም ፊቱ ይጨማደዳል።

ላንጋኖ 18 ኪሎ ሜትር በ16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውሃው ቡናማ ነው፤ መጀመሪያ ያየው ሁሉ «ቆሻሻ ነው» ይላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው እየተባለ ለመዋኛ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቤተሰቦች የሚጎርፉለትም ለዚሁ ነው። በሸራ ስፖርትም ስሙ ሲነሳ የቆየ ነው። በስተምዕራብ ካለው ከአቢያታ ጋር በሆራ ከሎ ወንዝ ይገናኛል፤ አቢያታ እየሸሸ፣ ዳርቻው እየነጣ መሄዱ ግን የሌላ ቀን ሐዘን ነው።

ጠዋት ከደረሳችሁ ሐይቁ የእናንተ ነው። ውሃው እንደ ትሪ ነው። ትንንሽ ልጆችን ውሃ የምታስገቡት፣ ጀልባ የምትቀዝፉት፣ ፎቶ የምትነሱት ያኔ ነው። ከቀትር በኋላ፣ እማዬ እንዳለችው፣ ገለባው ይነሳል። መጀመሪያ ከሩቅ ውሃው ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ይታያል፤ ጥላው ወደ ዳር ይመጣል፤ ከዚያ የጠረጴዛው ጨርቅ ይነሳና ሶፍቱ ይበተናል። ባለ ሆቴሎቹ ይህን ስለሚያውቁ ጃንጥላውን ቀድመው ያጥፋሉ።

የእህቴ ልጅ ትልቁን ሸራ ሲያወጣ ገረመኝ፤ ነፋሱ በርትቷልና። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ላንጋኖ ከባህር ወለል 1,585 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው አየር በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እኩል የሆነ ነፋስ እዚህ የሚገፋው በዚያው ልክ አንሶ ነው። ሰሌዳው ከውሃው ተነስቶ መንሸራተት የሚጀምረው እዚያ በ15 ኖት ከሆነ፣ እዚህ ከ16 በላይ ይጠብቃል፤ ወይም ሰፋ ያለ ሸራ ይዘረጋል። ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አዳማ ያሉት ተርባይኖችም የሚፈጩት ይህንኑ የሳሳ አየር ነው።

ሰዓቱን ከእጅ አንጓው ፈትቶ ወደ ክንዱ ላይኛው ክፍል ወሰደው። አንጓ ላይ ከሆነ ሸራውን ሲይዝ ሰዓቱ ወደ ታች ይዞራል፤ ሲወድቅ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱም ጊዜ ሰማዩን አያይም። ቁልፎቹን ዘጋቸው፤ በመዳሰስ የሚሠራ መስታወት በውሃ ጠብታ ራሱን በራሱ ይነካል። የውሃ ጃኬቱን እናቱ ራሷ አሰረችለት። 22 ዓመቱ ነው።

ከዚያ ሄደ። እኔ ነፋስ ሰው ሲወስድ እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰሌዳው መጀመሪያ ውሃውን እየገፋ ይጎተታል፤ ድንገት ብድግ ይልና ጫፉ ብቻ ውሃውን እየነካ ይበራል። ልጆቼ ዳር ዳሩን ይሯሯጣሉ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሥራቸውን አቁመው ያያሉ። እየሄደ፣ እየዞረ፣ እየመጣ፣ አንዴም ክፉኛ ተገልብጦ እንደገና እየተነሳ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሲወጣ ሁላችንም ከበብነው። ሰዓቱ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ይላል! ልጄ ጮኸች፤ እኔም አጨበጨብኩ። እሱ ቁጥሩን ጠጋ ብሎ አየና «ይሄ ውሸት ነው» አለ። የተመዘገበው ሲገለበጥ፣ ሰዓቱ ውሃ ውስጥ በገባበት ቅጽበት ነው። ራሱ ሰረዘው። እውነተኛው የ10 ሴኮንድ አማካይ 42.8 ኪሎ ሜትር ነበር። ትንሹ ልጄ እስከ ማታ ድረስ አኮረፈ፤ «ለምን ሰረዝከው? ማንም አላየም እኮ!»

ለማነጻጸር ያህል፣ ፈረንሳዊው አንቷን አልቦ እ.ኤ.አ. በ2015 ናሚቢያ ውስጥ ሉደሪትዝ ላይ፣ ለዚሁ ተብሎ በተቆፈረ ቦይ፣ 500 ሜትሩን በአማካይ በ53.27 ኖት አልፎታል። በሰዓት 98.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፈጣን መንገዳችን ላይ ከምንነዳው ብዙም አያንስም።

ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ገባ። አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ነፋሱ አቅጣጫውን ትንሽ አዙሮ ከእኛ ዳርቻ ወደ መሃል ይገፋ ጀመር። እኔ አላስተዋልኩም፤ ጀልባ ነጂው ግን አስተውሎ ኖሮ አንገቱን ነቀነቀ። ሸራው እየራቀ፣ እያነሰ ሄደ። ነጭ ነጠብጣብ ሆነ። ከዚያ ነጠብጣቡ ጠፋ።

እህቴ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ምንም አላለችም። ከዚያ ተነስታ ውሃው እስከ ጉልበቷ ድረስ ገባች። «የት ነው ያለው?» አለች። ባለቤቴ «ሰዓቱ እኮ…» ብሎ ጀመረና ዝም አለ። እዚያች ላይ ነው ጥያቄዋ የገባኝ። ያ ሁሉ ሳተላይት ልጁ የት እንዳለ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይነግረዋል፤ ሰዓቱም ከሴኮንድ ሴኮንድ እየጻፈው ነው። ለእኛ ግን አይነግረንም። ጂፒኤስ እንደ ሬዲዮ መስሚያ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ቦታውን ወደ ዳር የሚልክ ስልክ ወይም ሌላ አስተላላፊ አብሮት ከሌለ፣ የምታውቀው ነገር ሁሉ ልጁ ክንድ ላይ ነው የሚቀረው። ስልኩ ደግሞ ጠረጴዛችን ላይ፣ ከሎሚ ልጣጭ አጠገብ ተቀምጧል።

ወደ ጀልባ ነጂው ሮጥን። ሞተሩን ለማስነሳት የወሰደበት ጊዜ የአምስት ደቂቃ ይሁን የሃያ አላውቅም። «አብሽሪ እናቴ» አላት እህቴን፣ «ሰሌዳውን ካለቀቀ አይሰምጥም። ለመዋኘት ካልሞከረ አገኘዋለሁ።» እሷ «አይሞክርም» አለች፤ እርግጠኛ እንዳልሆነች ግን ፊቷ ይናገር ነበር። ባለቤቴ አብሮት ሄደ። እኔ ልጆቹን ወደ ጥላው ወሰድኳቸው፤ ልጄ ጥያቄ አቆመች፤ ልጄ ጥያቄ ስታቆም ደግሞ እፈራለሁ። እህቴ ከውሃው አልወጣችም። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ረጥቧል። የቀረበላት ሻይ አጠገቧ ቀዘቀዘ።

ጀልባው ሲመለስ ጨለምለም ብሏል። ሰሌዳው ከኋላ ይጎተታል፤ ልጁ በባለቤቴ ጃኬት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ምሰሶውን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው የጎማ መጋጠሚያ ነው የተበጠሰው፤ ሸራ ያለ እሱ ጨርቅ ነው። እሱም የተማረውን አደረገ፦ ሰሌዳው ላይ ተቀመጠ፣ ሸራውን አልለቀቀም፣ አልዋኘም፣ ጠበቀ። እህቴ አልጮኸችበትም። ፎጣ አለበሰችውና ፀጉሩን በሁለት እጇ አሸች፤ ልክ እንደ ሕፃን። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ ለግማሽ ሰዓት አልወጣችም።

ማታ፣ እራት ላይ፣ ልጆቹ የጉዞውን መስመር በስልኩ ላይ አዩት። የቀኑ መሄድና መመለስ ተደራርቦ እንደ ጥልፍ ይታያል፤ በአንዱ በኩል ግን ጥልፉን ጥሎ የወጣ አንድ ረዥም፣ ቀጥ ያለ ክር አለ። እህቴ ስልኩን ተቀበለችው። «ይሄ ነው?» «አዎ እማ።» 2.8 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ጣቷን ክሩ መሃል ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ስትደርስ ምን ታስብ ነበር?» ትንሽ ቆየና «አንቺ ውሃ ውስጥ ቆመሽ እንደሆነ» አለ። «ከዚያ ርቀት ታየኝ ማለትህ ነው?» «አልታየሽኝም።»

ነገሩን እዚያ ላይ መዝጋት ይቻል ነበር፤ «ነገ እንሄዳለን» ብሎ መኪና መጫን። ባለቤቴ ያሰበው እንደዚያ ነበር። እህቴ ግን ጀልባ ነጂውን አስጠራችና ወንበር ሳበችለት። ሦስቱ፣ እናት፣ ልጅና ጀልባ ነጂ፣ ቁጭ ብለው ተስማሙ። እኛም ከእነሱ የተማርነውን ለእናንተ ብናካፍል አይከፋም፤ ሸራ ባትይዙም ልጆቻችሁ ካያክም ሆነ የፕላስቲክ ተንሳፋፊ ይይዛሉና። ነፋስ ከዳር ወደ መሃል በሚገፋበት ሰዓት አይገባም፤ ይህን ለማወቅ የእማዬ አባት እፍኝ ጭድ ይበቃል። ከዳርቻው ጎን ለጎን እንጂ ወደ መሃል አይኬድም። ስልኩ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ደረቱ ላይ ይታሰራል፤ ያለበትን ቦታ ለእናቱ ስልክ እያጋራ ይሄዳል፤ ኔትወርኩ እስከ የት እንደሚዘልቅ አስቀድሞ በጀልባ ተሂዶ ይፈተሻል። ፉጨት አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ጀልባው ቤንዚን ሞልቶ፣ ሞተሩ ተሞክሮ ይጠብቃል፤ የሚከፈለውም ለመጠበቁ ነው። የውሃ ጃኬት ላይ ድርድር የለም፤ ለባለቤቴም ጭምር፣ ሆዱ ላይ አልዘጋ ቢለውም።

የተበጠሰው መጋጠሚያ መለዋወጫ ነበረው፤ ሻንጣው ሥር። በማግስቱ ማታ እስኪጠግነው ድረስ ከልጆቹ ጋር አሸዋ ላይ ተጫወተ።

ማክሰኞ ነበር የመጨረሻው ቀናችን። ስምንት ሰዓት ላይ የጠረጴዛው ጨርቅ ተነሳ። እህቴ ከመቀመጫዋ ጎንበስ ብላ ደረቅ ሣር ነቀለችና ወደ ላይ ወረወረችው። ነፋሱ ሣሩን ወደ ዳር፣ ወደ እኛ መልሶ ልጄ ፀጉር ላይ በተነው። «ግባ» አለችው።

እሱ ውሃው ላይ፣ እሷ ስልኩ ላይ ነበሩ። ሰማያዊዋ ነጥብ ካርታው ላይ ስትሄድ፣ ስትዞር፣ ስትመለስ አንዴም ዓይኗን አላነሳችም፤ ልጇን ራሱን በዓይኗ ማየት ትችል ነበር እኮ! ነጥቧ ስትቆም ትነሳለች፤ ስትንቀሳቀስ ትቀመጣለች። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አንዴ እንኳ አላስነሳም፤ ጫት የመሰለ የቡና ቅጠል እያኘከ ከልጄ ጋር የኦሮምኛ ቁጥር ይለማመዳል።

ሲወጣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር። ሰዓቱን ፈትቶ መጀመሪያ ለእናቱ ሰጣት። እሷ መነጽሯን አድርጋ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተሳስታ፣ ሦስተኛው ላይ አገኘችው። በ10 ሴኮንድ አማካይ 25 ኖት፤ በሰዓት 46.3 ኪሎ ሜትር።

«ይሄኛው እውነት ነው?» አለችው።

«እውነት ነው።»

«አልወደቅክም?»

«አንዴም።»

ሰዓቱን አልመለሰችለትም። እስከ አዳማ ድረስ እሷ ክንድ ላይ ነበር፤ እማዬ ቤት ስንደርስ ገና ከበሩ ላይ እጇን ዘርግታ፣ «አርባ ስድስት ነጥብ ሦስት» አለቻት።

እማዬ ሰዓቱን ገልብጣ አየችው። «በክንድ ስንት ይሆናል?»